ኪሊሙ ተቀዷል ወይስ እንዲህ ነው የተሠራው?

የአንባቢዎች ጥያቄ ዓምድ

ጥያቄ፦ ከቱርክ የመጣ ኪሊም የተባለ ምንጣፍ በስጦታ ደረሰኝ። ወደ ብርሃን አንስቼ ሳየው በቀዩና በሰማያዊው መካከል በየቦታው ጣት የሚያሾልክ ስንጥቅ አለው። ጎረቤቶቼ «ብል በልቶታል፣ ስፊው» ይሉኛል። ልስፋው? (ከሆጤ፣ ደሴ)

መልስ፦ እህታችን፣ አብሽሪ፤ መርፌውንም መልሺው። ኪሊም ከስጋጃ የሚለየው ጠጉር ስለሌለው ነው። ስጋጃ ላይ ክሩ እየተቋጠረ ጫፉ ወደ ላይ ብቅ ይላል። ኪሊም ግን ድርና ማግ ብቻ ነው፤ ሥዕሉን የሚያወጣው ማጉ ራሱ ሲሆን ድሩ ከሥሩ ተሸፍኖ ይቀራል። የጋቢ ሸማኔ መወርወሪያውን ከዳር እስከ ዳር ይሰዳል። የኪሊም ሸማኔ ግን ቀዩን ማግ ቀዩ ቅርጽ የሚያልቅበት ድር ድረስ ወስዶ እዚያው ይመልሰዋል። ሰማያዊውም ከወዲያ በኩል መጥቶ ቀጥሎ ያለው ድር ላይ ዞሮ ይመለሳል። ሁለቱ ቀለሞች ስለማይያያዙ በመካከላቸው ስንጥቅ ይቀራል።

ለመለየት ስንጥቁን በሁለት ጣትሽ ፈልቀቅ አድርገሽ ጠርዙን እዪ። ማጉ ድሩን ዞሮ ልክ እንደ ነጠላ ዳር ለስላሳ ጠርዝ ከሠራ የሸማኔው ሥራ ነው። የተበጠሰ ክር ጫፍ ወይም ራቁቱን የቀረ ድር ካየሽ ግን ጉዳት ነው። ብል ቀጥ ያለ መስመር ተከትሎ አይበላም።

ስንጥቁ በጣም ከረዘመ ጨርቁ ስለሚላላ፣ ሸማኔዎቹ የቅርጹን ጠርዝ እንደ ደረጃ እየሰባበሩ ይወጣሉ። ኪሊም ላይ ሁሉም ነገር ጥርስ ጥርስ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ክብ ለመሥራት ዘዴው አይመችም። ጥቁሩ ወይም ጥቁር ቡናማው ክር ከሌላው ቀለም ዝቅ ብሎ ተበልቶ ካገኘሽውም አትደንግጪ። ለማጥቆር የሚጨመረው የብረት ጨው ሱፉን ከዓመታት በኋላ ያደርቀዋል፣ ይሰብረዋልም። በአሮጌ ኪሊም ላይ የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ ራሴ የፈተልኩትን የበግ ጠጉር ግማሹን በእርድ፣ ግማሹን በቀይ ሥር ነከርኩት። እርዱ ሲደርቅ ወርቅ ይመስል ነበር፤ መስኮት አጠገብ ብሰቅለው በሦስት ሳምንት ገረጣ። ቀይ ሥሩማ በመጀመሪያው እጥበት ሄደ። የሱፍ አበባ ይሻላል የሚሉኝ አሉ። (ከኮምቦልቻ፣ የልጆች እናት)

መልስ፦ እናታችን፣ ጥፋቱ የእጅዎ ሳይሆን የቀለሙ ነው። እርድ ያለ ምንም ማስያዣ (ቀለሙን ከክሩ ጋር የሚያያይዝ ነገር) ሱፍ ላይ ስለሚቀመጥ ሁሉም ሰው የሚጀምረው በእሱ ነው፤ ፀሐይ ግን አይችልም፣ ምንም ቢጨመርበት። ቀይ ሥር ሱፍን የሚይዝበት ነገር ስለሌለው እድፍ እንጂ ማቅለሚያ አይባልም። ከርከዴም ያው ነው። ስለ ሱፍ አበባ የሰሙት ግማሹ ልክ ነው። አማርኛችን የበጉንም ጠጉር፣ በጾም ፍትፍቱን የምንበላውንም አዝርዕት ሱፍ ማለቱ ነገሩን ያምታታል እንጂ፣ የእሾሃሙ ሱፍ አበባ ቢጫና ቀይ ቀለም ያወጣል፤ የጥንት ግብፆችም ተጠቅመውበታል። ብርሃን ላይ ግን እሱም ደካማ ነው።

የኪሊም አገሮች ለቀይ የሚተማመኑት «ማደር» በተባለ ተክል ሥር ነው። ቱርኮች «ኮክ ቦያ» ይሉታል፤ የሥር ቀለም ማለት ነው። የማደር ዘመድ የሆነ፣ ግንዱ ልብስ የሚይዝ ሐረግ በእኛም ደጋ አጥር ላይ ይንጠላጠላል። ሥሩን ሲሰብሩት ውስጡ ከቀላ በትንሽ ክር ይሞክሩት። ከታች ያለው ልክ ለ100 ግራም ደረቅ ፈትል ነው።

ከሁሉ በፊት እጥበቱ። ፈትሉን በልቃቂት አይንከሩ፤ ውስጡ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እንደ ቀለበት ልል አድርገው ጠቅልለው በአራት ቦታ ላላ ባለ ክር ይሰሩት። ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና አንድ ሰዓት ይዘፍዝፉት፣ ሳያሹ ይለቅልቁት። ሱፍ ከታሸ ወይም ከሙቅ ውኃ ወደ ቀዝቃዛ በድንገት ከገባ ተጠላልፎ ይደድራል፤ ባርኔጣ ሠሪ ሆን ብሎ የሚያደርገው እዚህ ኪሳራ ነው። የበጉ ቅባት በደንብ ካልለቀቀ ደግሞ ቀለሙ ዥንጉርጉር ይሆናል። በዚህ ሥራ ከሚበላሸው አብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ሰው ግን ቀለሙን ይወቅሳል።

ቀጥሎ ማስያዣው። 15 ግራም አሉም (ነጭ የማዕድን ጨው) በአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ ያሟሙና 4 ሊትር ውኃ ውስጥ ይጨምሩት። እርጥቡን ፈትል አስገብተው በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀስ እያሉ ወደ 80 ዲግሪ ያድርሱት፣ አንድ ሰዓት ያቆዩት፣ ከዚያ እዚያው ውኃ ውስጥ ይደር። አሉም ሲበዛ የሚጠነክር የሚመስላቸው አሉ። ከ20 ግራም ካለፈ ሱፉ እጅ ላይ ማጣበቅ ይጀምራል፣ ትርፍም የለውም። ድስቱ የማይዝግ ወይም ኤናሜሉ ያልተላጠ ይሁን። የብረት ድስት ቀዩን ያጠቁረዋል። ያ ድስት ከዚያ ወዲያ ወጥ አይሠራበትም።

ለማደሩ ከ50 እስከ 100 ግራም የተፈጨ ደረቅ ሥር ሌሊቱን ይዘፍዝፉ። ጠዋት ፈትሉን ጨምረው በአንድ ሰዓት ወደ 65 ዲግሪ ያምጡት፣ ሌላ አንድ ሰዓት እዚያው ያቆዩት። 75ን ካለፈ ከሥሩ ውስጥ ቡናማው ቀለም ይወጣና የጡብ መልክ ይይዛል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ነው፤ እናንተ ጋ በ94 ገደማ። ለማደር ሁለቱም ብዙ ነው፤ ድስቱ ሥር ትናንሽ ፊኛዎች መታየት ሲጀምሩ እሳቱን ይቀንሱ። በግምት ከመሥራት ግን ቴርሞሜትር መግዛት ይሻላል። ውኃውም ይለያያል፤ ማደር ውኃ ውስጥ ያለውን የኖራ ማዕድን ይፈልጋል። በክረምት ከጣሪያ በተቀዳ ውኃ የነከሩት ወደ ብርቱካን ሲሄድ፣ በምንጭ ውኃ የነከሩት ይደምቃል።

ለቢጫ እርዱን ትተው የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ይያዙ፤ ገበያ ውስጥ በነፃ ይጠረጋል። 100 ግራም ደረቅ ልጣጭ አንድ ሰዓት አፍልተው ያጥልሉት፣ አሉም የያዘውን ፈትል ከመፍላቱ ዝቅ ባለ እሳት አንድ ሰዓት ያቆዩት። ከወርቃማ እስከ መዳብ መልክ ይሰጣል። ጥንካሬው ከእርድ የተሻለ፣ ከማደር ያነሰ ነው። እንሶስላና ሂና ሱፍን ይይዛሉ፣ ሱፍም እንደ ጥፍርና ጠጉር ያለ ነገር ነውና፤ የሚሰጡት ግን ደማቅ ቀይ ሳይሆን ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው። ሰማያዊ ሌላ ዓለም ነው። ሰማያዊ የሚሰጠው ኢንዲጎ የተባለው ቀለም አሉም አይፈልግም፤ ክሩ ከጋኑ ሲወጣ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ አየር ሲነካው ዓይንዎ እያየ ሰማያዊ ይሆናል። ለጀማሪ ግን አንመክርም።

የጨረሱትን ፈትል በጥላ ያድርቁት። ከመሸመንዎ በፊት ጥቂቱን በካርቶን ግማሹን ሸፍነው ለአንድ ወር መስኮት ላይ ያኑሩት፤ የተሸፈነውና ያልተሸፈነው ልዩነት ሁሉንም ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ ሻጩ «መቶ ዓመት ስላለፈው ቀለሙ የተፈጥሮ ነው» ብሎኛል። ይታመናል? (ከፒያሳ፣ ደሴ)

መልስ፦ ዕድሜው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የመጀመሪያው የፋብሪካ ቀለም በ1856 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንግሊዝ አገር ተገኝቶ፣ ምዕተ ዓመቱ ሳያልቅ የአናቶሊያ (የዛሬዋ ቱርክ) ሸማኔ እጅ ገብቷል። ቱርክ ውስጥ የተፈጥሮ ቀለምን ወደ መንደር ለመመለስ ዶባግ የተባለው ሥራ የተጀመረው በዚያው አቆጣጠር በ1981 ነው፤ ስለዚህ አዲስ ሆኖ የተፈጥሮ ቀለም ያለውም አለ። የክሩን መስመር ፈልቀቅ አድርገው ውስጡን ይዩ። ላዩ ግራጫ ሆኖ ውስጡ ጮሆ የሚደምቅ ብርቱካንና ሐምራዊ ካገኙ ይጠርጥሩ። እርግጠኛው ምርመራ የላቦራቶሪ ነው፣ ዋጋም በሻጩ ታሪክ ላይ አይጨመርም።

ጥያቄ፦ መሐሉ ላይ እንደ ቅስት ያለ ቅርጽ ያለው ኪሊም ለሰላት ይሆናል? ሌሎቹ ሥዕሎችስ ምን ማለት ናቸው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ቅስቱ ሚህራብ ነው፤ ለሰላት ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ጫፉን ወደ ቂብላ ያድርጉት። መካ ከእኛ ትይዩ በሰሜን ስለምትገኝ ከደሴና ከኮምቦልቻ አቅጣጫው ቀጥታ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል።

ሌሎቹን በተመለከተ፣ እጆቿን ወገቧ ላይ ያደረገች ሴት የምትመስለውን ቱርኮች «ኤሊቤሊንዴ» ይሏታል፤ ስሙም ይኸው «እጇ ወገቧ ላይ» ማለት ነው፣ ከእናትነት ጋር ያያይዟታል። ወደ ውስጥ የተጠቀለሉት ሁለት ቀንዶች የአውራ በግ ቀንድ ናቸው፣ የወንድነትና የብርታት። መሐሉ ነጥብ ያለበት የአልማዝ ቅርጽ ዓይን ነው፤ ክፉ ዓይንን ይመልሳል ይባላል፤ ቡዳ የሚፈራ ወሎዬ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጊንጥና የተኩላ አፍም አሉ፤ የሚፈሩትን ነገር ሸምኖ ከቤት ለማራቅ። ይሁን እንጂ ኪሊምን እንደ ደብዳቤ አያንብቡት። አንዱ መንደር ቀንድ የሚለውን ሌላው መንደር በሌላ ስም ይጠራዋል፣ ብዙ ሸማኔም ቅርጹን የምትሠራው እናቷ ስለሠራችው ነው። ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር ተርጉሞ ታሪክ የሚያወራ ነጋዴ ዋጋ እየጨመረ ነው።

ጥያቄ፦ በማሽን ባጥበው ቀዩ ነጩ ላይ ለቀቀ። መፍትሔ አለው? (ከደሴ)

መልስ፦ ገና እርጥብ ከሆነ አያድርቁት። ብዙ ቀዝቃዛ ውኃ እየቀያየሩ ያለቅልቁት፣ ዘርግተው በፎጣ ውኃውን ይምጠጡለት። ከደረቀ በኋላ የሚወጣው ጥቂት ነው፤ በረኪናማ ሱፉን ራሱን ያሟሟል። ለወደፊቱ ነጭ ጨርቅ አርጥበው እያንዳንዱ ቀለም ላይ አንድ ደቂቃ ተጭነው ይሞክሩ፤ ጨርቁ ከቀለመ ውኃ አያስነኩት።

ጥያቄ፦ ባና የሚሠራ ሸማኔ አውቃለሁ። በደጋው በግ ጠጉር ኪሊም እንዲሠራልኝ ብንሞክር ወርዱ እየጠበበ መሐል ላይ ወገብ አወጣ። ምን አጠፋን? (ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

መልስ፦ ጠጉሩ ሻካራ መሆኑ ለምንጣፍ ጥሩ ነው፤ የጠፋው የማጉ አጣጣል ነው። ባና ላይ ማግ ቀጥ ብሎ ቢገባም ችግር የለውም። ኪሊም ላይ ግን ማጉ ድሩን በሙሉ ሊሸፍን ስለሚገባው ቀጥ ብሎ ከገባ ይጎድለውና ዳሮቹን ወደ ውስጥ ይስባል። ማጉን እንደ ቀስት አጉብጦ ማስገባት፣ ከዚያ በከባድ ማበጠሪያ ከላይ ወደ ታች መምታት ነው። ለእጅ ፈትል በአንድ ሳንቲሜትር 3 ወይም 4 ድር ይበቃል፤ ድሩ በጣም ከተጠጋጋ ማጉ አይሸፍነውም፣ ነጠብጣብ ይሆናል። ድሩ ከማጉ ይልቅ ጠንከር ተደርጎ የተከረረ፣ ውጥረቱም ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሁን። ለአንድ ካሬ ሜትር ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ፈትል ይያዙ፤ የነከሩት ቀለም መሐል ላይ ካለቀ ያንኑ መልክ ደግሞ ማግኘት ስለማይቻል ከየቀለሙ አሥር በመቶ ትርፍ ይንከሩ። በየአሥር ሳንቲሜትሩ ወርዱን በሜትር ይለኩ። ግማሽ ሳንቲሜትር ከጠበበ እዚያው ይፍቱት፤ ወገቡ ከወጣ በኋላ በመሳብ አይስተካከልም።