ቡችላሽ ቀላ ስላለ ዲቃላ ነው ላሉሽ ሰዎች

እህቴ፣ «ንጹህ ጎልደን (ጎልደን ሪትሪቨር የሚባለው የውሻ ዝርያ) ተብሎ የገዛሁት የ4 ወር ቡችላ ከእናቱ በጣም ቀላ፣ ቀጭን ሆነ፣ ተሸወድኩ እንዴ?» ያልሽውን ሳነብ የራሴ ጉድ ትዝ አለኝ። በቀለም ብቻ ዲቃላ አይባልም፣ እሱን ተይው።

1. ጎልደን ከክሬም ጀምሮ እስከ ቀይ ቡኒ ድረስ አለ፣ ከአንድ ሆድ የወጡት እንኳን አይመሳሰሉም። ቡችላ ሲሆን ጆሮውን ነው ማየት፣ ሲያድግ ወደዛ ነው የሚሄደው። የኔዋ በ8 ሳምንቷ ወተት ነበር የምትመስለው፣ ልጆቼ በረዶ አሏት፣ ጆሮዋ ግን ያኔም የሽሮ ዱቄት መልክ ነበረው። ይኸው ዛሬ ሁለመናዋ ሽሮ ሆኖ ስሟ በረዶ ነው፣ ፓርክ ላይ ስጠራት ሀበሻ ሁሉ ይስቅብኛል።

2. ቅጥነቱም ምንም አይደል። ለአደን የሚያራቧቸው ቀጠን፣ ቀላ፣ ጸጉራቸው አጠር ይላል፣ ለሾው (ለውበት ውድድር) የሚያራቧቸው ደግሞ ደንደን ያሉ ጸጉራም ናቸው። ያንቺም ከአደኖቹ ሊሆን ይችላል። የኔዋንም አንዷ የቬት (የእንስሳት ክሊኒክ) ሪሴፕሽኒስት ቀና ብላ እንኳን ሳታያት «ሚክስ» (ዲቃላ) ብላ ጻፈችባት፣ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እስክታስተካክል አልወጣሁም።

3. እኔ የተቃጠልኩት ሌላ ቦታ ነው። ብሪደሩ (አራብቶ የሸጠልኝ ሰውዬ) «ኢንግሊሽ ክሬም፣ ሬር ነው» ብሎ፣ ብርቅ ነው ለማለት፣ 1,500 ዶላር ጨመረብኝ፣ እኔም ከፈልኩ። ኤኬሲ (የአሜሪካ የውሻ ዝርያ መዝጋቢ ማህበር) እኮ የሚመዘግበው ላይት ጎልደን፣ ጎልደን እና ዳርክ ጎልደን ብቻ ነው፣ ነጭ የሚባል የለም። ዝርያው ስኮትላንድ ውስጥ በ1868 እ.ኤ.አ. ከተወለዱ ቢጫ ቡችሎች የመጣ ነው፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው ክሬምን በዝርያው መስፈርት ያስገቡት በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። ይሄን ሁሉ ያወቅኩት ከከፈልኩ በኋላ!

ስለ ቀለሙ ስጨቃጨቅ የወላጆቿን የዳሌ ራጅ ሳልጠይቅ ቀረሁ። በ11 ወሯ ደረጃ መውጣት እምቢ አለች፣ ሁለቱን የኋላ እግሮቿን ገጥማ እንደ ጥንቸል ነበር የምትዘለው፣ እኔ ደግሞ ጨዋታ መስሎኝ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። ለካ ዳሌዋ ነው፣ ለአንድ ዳሌ ኦፕራሲዮን 6,800 ዶላር። ወረቀቱን መልሼ ሳየው እናትየዋ የወለደቻት በ19 ወሯ ነው፣ ኦኤፍኤ (የውሾችን የዳሌና የሌላ ጤና ምርመራ ውጤት የሚመዘግበው የአሜሪካ ድርጅት) ደግሞ የመጨረሻውን የዳሌ ውጤት የሚሰጠው 24 ወር ከሞላ በኋላ ነው፣ ስለዚህ እናትየዋ መጀመሪያውኑ የመጨረሻው ሰርተፊኬት ሊኖራት አይችልም ነበር። ለብሪደሩ ደወልኩለት፣ «ኮንትራቱን አንብብ፣ ውሻዋን መልስና ሌላ ውሰድ» ብሎኝ እርፍ። ልጆቼ ጉያ ያደገችውን እንደ ተበላሸ ቲቪ ልመልስ?

ለማንኛውም የኤኬሲ ወረቀት ዘሯን እንጂ ጤናዋን አይነግርሽም። አሁኑኑ የእናትና የአባቱን የምዝገባ ቁጥር ከብሪደሩ ተቀበይና ኦኤፍኤ ድረገጽ ላይ አስገቢው፣ በነጻ ነው፣ ውጤታቸው ተመዝግቦ ከሆነ ዳሌ፣ ክርን፣ ልብ፣ ዓይን ብሎ ይዘረዝርልሻል። ቁጥሩን አልሰጥም ካለሽ ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ እኔ እደውልለታለሁ፣ ለነሱ የሚሆን ምላስ አውጥቻለሁ።