ፊልተሩን ከማስነሳትህ በፊት

ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ውስጥ የምትሠራው ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። አሮጌ ካሜራህን ኢንፍራሬድ (ከቀይ ማዶ ያለውን፣ ዓይን የማያየውን ብርሃን) እንዲያነሳ አስቀይረህ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ውስጥ የጋለ ሞተርና የላላ የኤሌክትሪክ ሽቦ እየፈለግህ ለመሥራት አስበሃል። «ፎቶ ቤቱን ልልቀቅ?» ብለሃል።

አትልቀቅ። ሁለት የተለያዩ ካሜራዎች ተደባልቀውብሃል።

የጋለ ሽቦ የሚያሳየው ቴርማል ካሜራ ነው። የሚያነበው ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ያለውን የሙቀት ጨረር ነው። የአንተ ካሜራ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ግን ቢበዛ እስከ 1.1 ማይክሮሜትር፣ ማለትም 1100 ናኖሜትር ድረስ ብቻ ነው የሚያየው። የሌንሱ መስታወትም የሙቀቱን ጨረር አያሳልፍም። የፋብሪካው ሥራ በእርግጥ አለ፤ ግን ኤሌክትሪክ ለተማረ ሰው ነው የሚቀናው።

አብሽር፣ ለአንተ የሚሆን ሌላ በር አለ። ዓይናችን የሚያየው በግምት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው። ሴንሰሩ ከዚያ በላይ ያያል፤ ካሜራውን የሠራው ድርጅት ግን ፊት ለፊቱ ፊልተር ገጥሞ ይከለክለዋል። ያ ተነስቶ ንጹሕ መስታወት ሲተካ ካሜራው ፉል ስፔክትረም ይሆናል፤ የሚታየውንም የማይታየውንም ብርሃን ያነሳል ማለት ነው። ሌንሱ ላይ የ720 ወይም የ850 ናኖሜትር ፊልተር ስታደርግ ኢንፍራሬዱን ለብቻው ታነሳለህ። ቅጠል ነጭ ሆኖ የሚወጣው በዚህ ነው። ያምራል፤ ግን ደሴ ላይ ለነጭ ቅጠል ገንዘብ የሚከፍል ሰው ማግኘት ይከብዳል።

እኔን የሚያጓጓኝ የጥንት የብራና ጽሑፎችን በኢንፍራሬድ ማንሳት ነው። የአገራችን ጥቁር ቀለም ከጥላሸት ስለሚዘጋጅ ኢንፍራሬድ ላይ ጠቁሮ ይቀራል። ብዙ የእርጥበትና የእጅ እድፍ ደግሞ ይሳሳል። ለዓይን የጠፋ መስመር ሊነበብ ይችላል ማለት ነው። ቀዩ ቀለም ብዙ ጊዜ ስለሚደበዝዝ የተለመደውንም ፎቶ አብረህ አንሳ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ወሎ ውስጥ የዓረብኛና የዓጀሚ (በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ የአገር ቋንቋ) ጽሑፍ ያስቀመጡ ስንት ቤተሰቦች አሉ! ፎቶ ቤት ውስጥ ያዳበርከው የመብራትና የፎከስ ልምድ እዚህ ላይ ወርቅ ነው።

ካሜራውን ራስህ አትፍታው። ፍላሽ ያለው ካሜራ ባትሪው ወጥቶም ቢሆን 300 ቮልት ገደማ ሊይዝ ይችላል። ለሚያውቅ ሰው ስጠው፤ የሚተካው መስታወት ውፍረት ካልተስተካከለ ፎከሱ ይዛባል። ኤልኢዲ መብራት ኢንፍራሬድ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሃሎጅን አምፖል ፈልግ፣ ሙቀቱ ግን ወደ ጽሑፉ እንዳይጠጋ።

የማንንም ብራና ከመንካትህ በፊት ቤትህ ሞክር። ጥላሸት በጥብጠህ ወረቀት ላይ ጻፍ፣ በሰማያዊ እስክሪፕቶ ደልዘው፣ ከዚያ አንሳው። እስክሪፕቶው ጠፍቶ ጽሑፉ ብቅ ካለ፣ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አትምና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ ሂድ። የጥንት ጽሑፍ የሚያጠና መምህር ካለ ጠይቅ። ወደ ገዳምም ሆነ ወደ መስጊድ ስትሄድ ከእሱ ጋር፣ ፈቃድ ይዘህ ሂድ።