ስለ ማጊ ስቴፈንስና ስለ ገንዳው ጨዋታ የጠየቃችሁኝ

ከ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ወዲህ ስለ ሴቶች ዋተር ፖሎ፣ ማለትም በገንዳ ውስጥ እየዋኙ ኳስ ወደ ጎል ስለሚወረውሩበት ጨዋታ፣ የሚጠይቁኝ አንባቢያን በዝተዋል። አብዛኛው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ የአሜሪካ ቡድን አምበል የነበረችው ማጊ ስቴፈንስ ጋ ይደርሳል። የተጠራቀመውን ዛሬ ላራግፈው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

"ሜዳሊያ ያለው ሰው ሞልቷል። ይህቺ ልጅ ምን ብታደርግ ነው እንዲህ የሚወራላት?" (ከአዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ የመጀመሪያ ጨዋታዋን ብቻ ልንገርህ። ለንደን፣ 2012። ዕድሜዋ 19፣ ተጋጣሚ ሃንጋሪ። ሰባት ጊዜ ወረወረች፣ ሰባቱም ገቡ። በዚህ ጨዋታ ከወረወረው ግማሹን ያገባ ደስ ብሎት ነው የሚያድረው። በፍጻሜው አሜሪካ ስፔንን 8 ለ 5 ስትረታ አምስቱ ጎል የእሷ ነበር። ውድድሩን በ21 ጎል ኮከብ ጎል አግቢ ሆና ጨረሰች። ሪዮና ቶኪዮ ላይም ወርቅ ተደገመ፣ ተሠለሰ፤ በሴቶች ዋተር ፖሎ ሦስት ኦሎምፒክ በተከታታይ ያሸነፈ ሌላ ቡድን የለም። ቶኪዮ ላይ ደግሞ የጣሊያናዊቷን ታኒያ ዲ ማሪዮን 47 የኦሎምፒክ ጎሎች አልፋ የምንጊዜም ቀዳሚ ሆነች።

ነገሩ ከቤት የመጣም ነው። አባቷ ካርሎስ ስቴፈንስ ከፖርቶ ሪኮ መጥቶ ለካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዋተር ፖሎ የተጫወተ ሰው ነው። ታላቅ እህቷ ጄሲካም ለንደን ላይ አብራት ተሰልፋ ነበር። እናት የሁለት ልጆቿን ወርቅ በአንድ ቀን ስትቆጥር አስቡት።

"የ12 ዓመት ልጄ ዋና ትችላለች፤ አሁን ዋተር ፖሎ ካልሆነ ብላ አስቸገረችኝ። ቆመው የሚጫወቱት መስሎኝ ነበር፣ ሰው ግን አደገኛ ነው አለኝ። ፀጉሯስ?" (አንዲት እናት፣ ሜሪላንድ)

እህቴ፣ መቆም የሚባል ነገር የለም። ገንዳው ጥልቅ ነው፣ የገንዳውን ወለል መርገጥም ክልክል ነው። በረኛን ጨምሮ ሰባት ሰባት ሆነው፣ ስምንት ስምንት ደቂቃ በሆኑ አራት ክፍለ ጊዜያት ይጫወታሉ። ሰዓቱ ኳስ በቆመች ቁጥር ስለሚቆም ጨዋታው በ32 ደቂቃ አያልቅም። በውሃ ላይ ከወገብ በላይ ብቅ ብለው የምታያቸው ሴቶች ከታች እግራቸው አያርፍም፤ ቀኝና ግራ እየተፈራረቀ ከጉልበት በታች ክብ ይሠራል፣ ልክ እንደ እንቁላል መምቻ። ልጅሽ ዋና ብትችልም ይህን እንደ አዲስ ነው የምትማረው። ጉልበቷና ዳሌዋ ላይ ጫና ስላለው አሠልጣኙ ቀስ አድርጎ የሚያስለምድ መሆኑን ጠይቂ። ኳሷንም ከበረኛ በስተቀር በሁለት እጅ መያዝ አይፈቀድም።

አደገኛ ነው ያለሽ ሰው ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ዳኛው የሚያየው ከውሃ በላይ ያለውን ነው፤ ከውሃ በታች መጎተቱ፣ መያዙ፣ በጉልበት መማታቱ አለ። ለዚህ ነው ከጨዋታ በፊት ዳኞች የተጫዋቾችን ጥፍር አንድ በአንድ የሚፈትሹት። ለዚህ ነው የመዋኛ ልብሱም ለመያዝ እንዳይመች ጥብቅ ብሎ የሚሠራው። ከባድ ጥፋት የሠራች ለጥቂት ሴኮንዶች ትወጣለች፣ ሦስት ጊዜ ከደገመችው ወደ ጨዋታው አትመለስም። በግሌ በዚህ ዕድሜ በደንብ በሚቆጣጠር አሠልጣኝ እጅ ከሆነች አልከለክላትም ነበር።

ወደ ፀጉሩ ስንመጣ፣ ኮፍያው እንደ ዋናተኞች ላስቲክ አይደለም፤ አገጭ ሥር የሚታሰር ስስ ጨርቅ ነው፣ ጆሮ ላይ ፕላስቲክ መከላከያ አለው፣ ውሃ ያስገባል። ከራስ ቅሏ ጋር የተጣበቀ ሹሩባ ይሻላታል። ገንዳ ከመግባቷ በፊት ፀጉሯን በንጹህ ውሃ አርሺላት፤ የራሰ ፀጉር ክሎሪን ብዙ አይጠጣም። ስትወጣ ወዲያው ትታጠብ።

"ሦስት ወርቅ ካላት ሀብታም መሆን አለባት።" (ከዱባይ)

ጥያቄ ባይሆንም ልመልሰው። ፓሪስ ላይ ወርቅ ላገኘ አሜሪካዊ ከኦሎምፒክ ኮሚቴያቸው የሚሰጠው ሽልማት 37,500 ዶላር ነበር፣ ያውም በአራት ዓመት አንዴ፣ ያውም ካሸነፉ። ክለብ ተቀጥሮ በዋተር ፖሎ መኖር የፈለገ አሜሪካዊ ወደ ሃንጋሪ፣ ስፔን፣ ጣሊያን ወይም ግሪክ መሄድ አለበት። በግንቦት 2024 ስቴፈንስ ራሷ የቡድን ጓደኞቿ ሁለትና ሦስት ሥራ እየሠሩ እንደሚለማመዱ በኢንስታግራም ጻፈች። ያየው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አንገቱ ላይ የግድግዳ ሰዓት የሚያንጠለጥለው የሂፕሆፕ ቡድኑ የፐብሊክ ኤነሚ ራፐር ፍሌቨር ፍሌቭ! ለአምስት ዓመት ስፖንሰር ሆነ፣ ፓሪስም ድረስ ሄዶ ከተመልካች መሃል ጮኸላቸው። ቢዝነሱን የሚያውቀው እሱ ነው፤ እኔ ግን የዓለም ሻምፒዮን ቡድን ደጋፊ ያገኘው በአንድ ራፐር ቸርነት መሆኑ ትንሽ ያሳፍረኛል።

"ኦሎምፒክ ላይ የሴቶቹ የገባው መቼ ነው?" (ከሐዋሳ)

2000፣ ሲድኒ። የወንዶቹ 1900 ነበር፤ መቶ ዓመት ልዩነት። የአውስትራሊያ ሴቶች ለዚህ ቦታ ብዙ ተሟግተዋል። በመጨረሻም በራሳቸው ገንዳ፣ በመጨረሻዋ ሴኮንድ በገባች ጎል፣ አሜሪካን 4 ለ 3 አሸንፈው የመጀመሪያውን ወርቅ አስቀሩት።

"በዚህ ስፖርት ጥቁር ሴት አይቼ አላውቅም።" (ከቴል አቪቭ)

አሽሊ ጆንሰንን ፈልጊያት። ከጃማይካውያን ወላጆች ማያሚ ተወልዳ ፕሪንስተን የተማረች በረኛ ናት። በ2016 በአሜሪካ የሴቶች ዋተር ፖሎ ኦሎምፒክ ቡድን ውስጥ የመጀመሪያዋ ጥቁር ተጫዋች ሆነች። ሪዮና ቶኪዮ ላይ ወርቅ ወሰደች። ስቴፈንስ ጎሏን ስታገባ ሌላው ጫፍ ላይ በሩን የዘጋችው እሷ ነበረች፤ እንደ ሁሉም በረኛ ብዙም አይወራላትም።

"ፓሪስ ላይ ባዶ እጇን ተመለሰች። ከቶኪዮ በኋላ ማቆም አልነበረባትም?" (ከአዲስ አበባ፣ ያው የመጀመሪያው ጠያቂ)

ባዶ እጇን መመለሷ እውነት ነው። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ከአውስትራሊያ 8 ለ 8 ተለያይተው በቅጣት ምት ወጡ። ለነሐስ ሲጫወቱ ደግሞ ኔዘርላንድስ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አግብታ 11 ለ 10 አሸነፈቻቸው። ስቴፈንስ 31 ዓመቷ ነበር።

ስለ ማቆም ካነሳህ ግን ወርቁን የወሰደችውን ስፔንን ተመልከት። በረኛዋ ላውራ ኤስተር ለንደን ላይ በእነ ስቴፈንስ 8 ለ 5 ስትሸነፍ እዚያው በር ላይ ነበረች። ቶኪዮ ላይ 14 ለ 5 ሲሸነፉም ነበረች። ፓሪስ ላይ አውስትራሊያን አሸንፈው ወርቁን ሲያጠልቁ ኤስተር 34 ዓመቷ ነው።