ቃጫው ለምን ፕላስቲኩን አላጠነከረውም?

ሰላም ወንድሜ። ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ፕላስቲክ ውስጥ የምትጨምረውን የእንሰት ቃጫ ከ10 ወደ 30 በመቶ ብታሳድገውም ናሙናው ጭራሽ ቶሎ እየተሰበረ እንደሆነ ጠይቀሃል። እኔም ሲሳል በሚባለው ሌላ የተክል ቃጫ እዚሁ ላይ ወራት ፈጅቻለሁ። መጠኑን ለጊዜው ተወውና የተሰበረበትን ቦታ በአጉሊ መነፅር እየው።

የእኔን ሳየው ቃጫዎቹ እንደ ፀጉር ተመዘው ወጥተዋል፤ አንድም የፕላስቲክ ቅሪት አልያዙም። አጠገባቸው ሌሎች የተነቀሉበት ባዶ ቀዳዳ አለ። ቃጫው አልተበጠሰም፣ ሾልኮ ነው የወጣው። ያንተም እንዲህ ከሆነ ቃጫ በጨመርክ ቁጥር ስንጥቅ የሚጀምርበትን ቦታ ነው የምታበዛው።

ቃጫ ውሃ ይወዳል፣ ፖሊፕሮፒሊን ግን ውሃ አያስጠጋም፤ ሁለቱ በራሳቸው አይያያዙም። መጀመሪያ የተጣበቀበትን የእንሰት ፍቅፋቂ በደንብ እጠበው። ከዚያ እኔ 5 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ዘፍዝፌ ላዩ ላይ ያለውን ሰምና ቆሻሻ አስለቅቄዋለሁ፤ ጓንትና የዓይን መከላከያ ሳታደርግ እንዳትነካው። አንድ ጊዜ ይበልጥ ይጠራል ብዬ ሶዳውን አበዛሁት፤ ሲደርቅ በጣቴ ሳብ ሳደርገው ተበጠሰ። ትልቁን ለውጥ ያየሁት ግን ማሌይክ አንሃይድራይድ የተያያዘበትን ፖሊፕሮፒሊን ጥቂት በመቶ ስጨምር ነው። እሱ በአንድ በኩል ቃጫውን ይይዛል፣ በሌላው ከፕላስቲኩ ጋር ይጠላለፋል።

ፀሐይ ላይ የደረቀ ቃጫ ደረቅ ይመስላል እንጂ ከክብደቱ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ውሃ ሊይዝ ይችላል። ናሙናህ ውስጥ አረፋ ካለ እሱን ጠርጥር። 80 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አሳድረው፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም እየመዘንክ፤ ሳይቀዘቅዝም ፕላስቲኩን አቅልጦ ወደሚቀላቅለው ማሽን አስገባው። የማሽኑን ሙቀት ከ200 ዲግሪ አታሳልፍ። ፖሊፕሮፒሊን 165 አካባቢ ስለሚቀልጥ ክፍተቱ ጠባብ ነው፤ ቀለሙ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ስኳር ከሸተተህ አልፈሃል።

ርዝመቱንም እንዳትረሳ። እኔ 10 ሚሊሜትር ቆርጬ ብጨምር መግቢያው ላይ እንደ ጥጥ ተጠቅልሎ ዘጋው፤ ወደ 5 ሳወርደው ሄደ። ማሽኑ ውስጥ የሚሽከረከረው ስክሩ ደግሞ እዚያው ይቆራርጠዋል፤ ዙሩንና ባክ ፕሬሸሩን (ስክሩን ወደ ኋላ የሚገፋውን ግፊት) ቀንስ። ምን ያህል እንዳጠረ ለማወቅ ቁራጭ ናሙና ፕላስቲኩን በሚያሟሟው ፈሳሽ፣ በሙቅ ዛይሊን፣ አሟሟና የቀረውን ቃጫ ለካ፤ ይህን ጭስ የሚስብ ማስወጫ ባለበት ላብራቶሪ ብቻ አድርግ፣ ዛይሊን እሳት ይይዛል።

እንሰት ሲፋቅ የሚገኘው ይህ ቃጫ ለገመድ ብቻ እንዲቀር አልፈልግም፤ ስለዚህ ተስፋ እንዳትቆርጥ። የተሰበረውን ፊት ፎቶ አንሳና ከመድረቁ በፊትና በኋላ ያለውን ክብደት ጨምረህ እዚህ ለጥፍልን፣ አብረን እናየዋለን።