የ2017 ሒሳብ፣ የ2018 ዕቅድ፦ ለሚጽፉ ሰዎች ጥያቄና መልስ

ጳጉሜን በመጣች ቁጥር ተመሳሳይ ጥያቄ ይደርሰኛል። ዓመቱን ምን ሠራሁበት? መጪውንስ እንዴት ልያዘው? ዘንድሮ ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤ አንድ ላይ ልመልስ ብያለሁ። አጫጭር ልቦለዶች እጽፋለሁ፣ የሰው ረቂቅም አርማለሁ። የምናገረው ከዚያ ተነሥቼ ነው። ተቀራራቢ የሆኑትን ጥያቄዎች አዋህጃቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዓመቱን መገምገም ሲባል ከየት ነው የሚጀመረው? እኔ ቁጭ ስል የሚመጣብኝ ጸጸት ብቻ ነው።

መልስ፦ ከትዝታህ አትጀምር። ትዝታ ያዳላል። ያለህን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጣ። ደብተሩ፣ ስልክህ ላይ የጻፍከው ማስታወሻ፣ በቴሌግራም ለራስህ የላክኸው፣ በደረሰኝ ጀርባ የጫርከው ሳይቀር ይውጣ። ከዚያ አንድ ነጭ ወረቀት ሦስት ቦታ ክፈል። በአንዱ የጀመርከውን፣ በሁለተኛው የጨረስከውን፣ በሦስተኛው ከእጅህ ወጥቶ ሰው ያነበበውን ጻፍ።

ብዙ ሰው ጋ የመጀመሪያው ክፍል እስከ ታች ይሞላል። ሁለተኛው ላይ ሁለት ሦስት መሥመር ትገኛለች። ሦስተኛው ባዶ ነው። አንድ ወጣት ረቂቁን ሊያሳየኝ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ፋይሎቹን አየሁ። «ልቦለድ የመጨረሻ» ይላል አንዱ። ከሥሩ «የመጨረሻ የታረመ»። ከሥሩ ደግሞ «እውነተኛው የመጨረሻ»። ሦስቱም ምዕራፍ 4 ላይ ነው የሚያልቁት። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ ነው የከረመው። ግን እነዚያኑ አራት ምዕራፎች እየመላለሰ ሲያርም አምስተኛውን አልነካውም። እንዲህ ላለ ሰው «በርታ፣ ጠንክረህ ሥራ» ቢሉት ምን ይጠቅመዋል? እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ድረስ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳያርም መከልከል ነው ያለበት። ምንም ካልጀመረ ሰው ጋር መድኃኒቱ አንድ አይደለም። ለዚህ ነው ወረቀቱ መጀመሪያ የሚያስፈልገው።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የማስተምር መምህር ነኝ። 2017 ላይ እስከ ታኅሣሥ ጥሩ ስጽፍ ነበር፤ ከዚያ ውሃ በላው። በ2018 እጥፍ ሠርቼ ላካክሰው አስቤያለሁ። ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ እጥፉን ተወው መምህር። ያለፈውን ዓመት ዕዳ በአዲሱ ላይ ከጫንከው ኅዳር ሳይጋመስ ታቆማለህ።

ይልቅ ጥር ላይ ምን እንደመጣ እይ። የመንፈቅ ዓመት ፈተና ነው፣ የፈተና ወረቀት እርማት ነው፣ ጥምቀት ነው፣ ሠርግ ነው። ይህ ሁሉ በ2018ም ይመጣል። ስለዚህ ጥርን ከወዲሁ ከዕቅድህ አውጣው። በዚያ ወር አንብብ፣ ማስታወሻ ያዝ፣ አዲስ ምዕራፍ አትጀምር። የካቲት ላይ ስትመለስ የቆምክበት እንዳይጠፋህ ደግሞ ከመቆምህ በፊት ቀጥሎ የሚመጣውን ትዕይንት በሦስት መሥመር ጽፈህ ተው። የአንተ ትልቁ ሀብት ክረምቱ ነው። ተማሪ ተበትኖ፣ ዝናቡ ሰው ሁሉ ቤት ሲያስቀምጥ እንደ መምህር ጊዜ ያለው ጸሐፊ የለም።

ጥያቄ፦ «በ2018 ልቦለዴን አሳትማለሁ» ብዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። ጥሩ ግብ ነው?

መልስ፦ ወረቀቱን አትቅደደው፣ ግን ግሱን ቀይረው። «እጨርሳለሁ» በል።

ማሳተም በአንተ እጅ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ማተሚያ ቤት ዋጋ ጠይቆ የተመለሰ ሰው ፊቱ ያስታውቃል። ወረቀቱም ቀለሙም በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚገባው። እኛ አገር ደግሞ አብዛኛው ደራሲ የሚያሳትመው ከኪሱ አውጥቶ ወይም ተበድሮ ነው። አከፋፋዩም ድርሻውን ይወስዳል። ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት ግብ ውስጥ ከተህ መጨረሻ ላይ ገንዘብ ባታገኝ «አልተሳካልኝም» ልትል ነው፤ መጽሐፉን ጨርሰኸው እንኳ።

መጨረስ ግን በስሌት ይያዛል። አንድ ገጽ 200 ቃል ይይዛል እንበል። የ200 ገጽ ልቦለድ 40,000 ቃል ነው። በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን 250 ቃል ብትጽፍ በሳምንት 1,000 ቃል ይሆናል። በ40 ሳምንት ረቂቁ አለቀ። መስከረም 1 ብትጀምር ሰኔ 10 አካባቢ ላይ ነህ ማለት ነው። 250 ቃል ደግሞ አንድ ገጽ ከሩብ ነው፤ ሥራ ውሎ የገባ ሰው የማይችለው አይደለም። ሦስቱ የቀሩት ቀናት ለሕመም፣ ለለቅሶ፣ መብራት ለሚጠፋበት ማታ ይሁኑ። ሳይጽፉ ያለፉበትን ቀን በማግሥቱ በእጥፍ መክፈል የለም። ሳምንቱ ካመለጠ አመለጠ።

ከሰኔ በኋላ ረቂቁን አንድ ወር አትንካው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አውጥተህ አትመህ፣ እስኪርቢቶ ይዘህ አንብበው። የኅትመት ወሬ ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ማታ ከአምስት ሰዓት በኋላ ስልኬ ላይ ትንሽ ትንሽ እጽፋለሁ፣ አንዳንዴ እንቅልፍ ይጥለኛል። እኔም ዕቅድ ላውጣ ወይስ ቀልድ ነው?

መልስ፦ ምን ቀልድ አለው እህቴ? ከደወሉልኝና ከጻፉልኝ ሁሉ በዓመቱ ውስጥ ሳያቋርጥ የጻፈ ሰው ካለ አንዷ አንቺ ነሽ።

ግን ከላይ ያልኩትን የ250 ቃል ስሌት አንቺ ላይ አልጭነውም። ሲደክምሽ አትጻፊ፣ ተናገሪ። ስልክሽ ላይ ሁለት ደቂቃ ድምፅሽን ቅጂ። ዛሬ ያየሽው አንድ ነገር ይሁን፤ እመቤቲቱ ያለችው፣ ኩሽናው ውስጥ የሸተተሽ፣ ከአገር ቤት የተደወለልሽ። እረፍት ስታገኚ ያን ታዳምጪና ወደ ጽሑፍ ትመልሺዋለሽ። የዓመቱ ግብሽ አንድ ብቻ ይሁን፦ አንድ የተሟላ ታሪክ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው።

አንድ ነገር አደራ። ስልክ ይሰበራል፣ ይጠፋል። በየሳምንቱ የጻፍሽውን ለራስሽ ኢሜይል ላኪ። ለምታምኛት ጓደኛ መላክም ይቻላል፤ ግን የአሠሪዎችሽን ስምና አድራሻ ጽሑፉ ውስጥ አታስገቢ።

ጥያቄ፦ ገጣሚ ነኝ። በዓመት ስንት ግጥም ይበቃል?

መልስ፦ በቁጥር አትያዘው። ጮክ ብለህ አንብበህ ያላፈርክበትን ብቻ በንጹሕ ደብተር ገልብጥ። ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩን ታያለህ።

ጥያቄ፦ ዓመቱን ሙሉ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ጽፌያለሁ። ይኼ ይቆጠራል? ተከታዮቼ ይወዱልኛል።

መልስ፦ ይቆጠራል፣ ለምን አይቆጠርም? በጋዜጣ አምድ ስሙን የተከለ ደራሲ ስንት አለን! ግን አንድ ፈተና አለው። ከዓመቱ ጽሑፎችህ አሥሩን ምረጥና ቀኑን ደብቀህ ያኔ የነበረውን ወሬ ለማያውቅ ሰው ስጠው። ምን ያህሉ ለብቻቸው ይቆማሉ? ያን ሰሞን በነበረ ጭቅጭቅ ብቻ የሚገባ ጽሑፍ ሰሞኑ ሲያልፍ አብሮት ያልፋል። ሁለት እንኳ ከቆሙልህ መጽሐፍ የሚሆን ነገር አለህ። እነዚያን አስፋቸው። የመውደድ ብዛት ግን አትቁጠር፤ እኔ እንዳየሁት ብዙ መውደድ የሚያገኘው ለጸሐፊው የቀለለው ነው።

ጥያቄ፦ የድሮ ጽሑፎቼን ልሰበስብ ስል ፋይሎቹ ሲከፈቱ የማይነበብ ምልክት ብቻ ሆኑ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተየብኳቸው ናቸው። ጠፍተው ቀሩ?

መልስ፦ አልጠፉም። ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት መንገድ የሚያስቀምጡበት ዩኒኮድ የሚባል ስምምነት አለ። የኢትዮጵያ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ መንገድ ነበር የሚያስቀምጠው። አንተ የተየብክበት የፊደል ቅርጽ አሁን ባለህ ኮምፒውተር ላይ ስለሌለ ነው ምልክት የሆነብህ። ያን የድሮ ፊደል ፈልገህ ጫን። የድሮ ጽሕፈት ቤቶች ጋ አይጠፋም። ፊደሉ ሲመለስ ወዲያው አትምና በወረቀት ያዘው፤ ወደ ዩኒኮድ ማስቀየሩ ወይም እንደገና መተየቡ ከዚያ ይቀጥላል። ይህን ሥራ ለመስከረም ስጠው። በዚያው የድሮ ጽሑፍህን ታነባለህ፤ አንዳንዱ ያስቅሃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከአሁኑ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የእኛን አዲስ ዓመት ልከተል ወይስ የፈረንጁን? ደግሞ አማርኛዬ እየዛገ ነው፤ ዓረፍተ ነገሬ ሁሉ እንግሊዝኛ እንግሊዝኛ ይለኛል።

መልስ፦ ሁለቱንም ተጠቀምባቸው። መስከረም 1 ጀምር። የፈረንጆቹ 2026 የሚገባው ታኅሣሥ 23 ነው፤ ያኔ ሥራ ቦታህም ስለሚያርፍ ለአጋማሽ ግምገማ ይመቻል። አራት ወር እንኳ ሳይሞላ ዕቅዱ የት እንደተሰበረ ታያለህ፣ ለማስተካከልም ጊዜ አለህ።

አማርኛውን በሰዋስው መጽሐፍ አታድነውም። እናትህ ወይም አክስትህ ስልክ ላይ ሲያወሩ ስማ። «ምን ነካህ?»፣ «አንጀቴን በላኸው»፣ «እንዲያው ለነገሩ» የሚሉት የት ጋ እንደሚያስገቡት አስተውል። የጻፍከውን ደግሞ ጮክ ብለህ አንብበው። ምላስህ የተደናቀፈበት ቦታ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ያሰብክበት ቦታ ነው። ለ2018 ከመጻፍ ግብህ ጎን የማንበብ ግብ ጨምር፤ በወር አንድ የአማርኛ መጽሐፍ፣ ቢቻል ከ1966 በፊት የታተመ።

ጥያቄ፦ ዩቲዩብ ላይ ትረካ የሚሠራ ሰው አጭር ልቦለዴን ሳይጠይቀኝ አነበበው። ስሜንም አልጠራም። ይህን ካየሁ ወዲህ መጻፍ አስጠልቶኛል።

መልስ፦ ማስጠላቱ አይፈረድብሽም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን ከአንቺ ጋር ነው። ሥራው የራስሽ ወጥ ሥራ ከሆነና በወረቀት ወይም በፋይል ከሰፈረ፣ ሳታስመዘግቢውም ጥበቃ አለው። ጥበቃው በሕይወትሽ ዘመንና ካለፍሽ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። መጀመሪያ ለሰውየው በጨዋ ደንብ ጻፊለት፤ አንዳንዱ ሳያውቅ ነው የሚያደርገው። እምቢ ካለ ዩቲዩብ ራሱ የቅጂ መብት አቤቱታ የሚቀበልበት ቅጽ አለው። ክርክር ቢነሣ መቼ እንደጻፍሽው የሚያሳይ ማስረጃ ይጠቅምሻል። ስለዚህ ቀን ያለበትን ረቂቅ አትሰርዢ።

ጥያቄ፦ ዕቅዴን ለሰው ልናገር ወይስ በሆዴ ልያዝ?

መልስ፦ ለአንድ ሰው ተናገር፣ ለሚጠይቅህ ሰው። ለመቶ ሰው ከተናገርከው ገና ሳትጽፈው እንኳን ደስ አለህ ይሉህና ነገሩ ያለቀ ይመስልሃል።

ጥያቄ፦ ጾምና በዓሉ ሁሌ ያዘናጋኛል። እንዴት ነው የሚታቀደው?

መልስ፦ ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅን ነገር ማዘናጊያ አትበለው፤ ካላንደሩ ላይ አስፍረው። በ2018 ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። ረመዳንም ጨረቃዋ እንደታየችበት በዚያው ሳምንት ግድም ይጀምራል። ስለዚህ በ2018 የካቲት ላይ ከተማው ሁሉ አብሮ ነው የሚጾመው። ሠርግ የለም፣ ድግስ የለም። ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ወቅት ከክረምቱ ሌላ አላውቅም። ከባዱን ምዕራፍ እዚያ አድርገው። ከሚያዝያ 4 በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ግን ተዋቸው፣ ዶሮውም ዘመዱም አያስጽፍህም።

ጥያቄ፦ የእርስዎስ የ2018 ዕቅድ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሰባት ታሪክ ያለው አንድ የአጫጭር ልቦለዶች ስብስብ አለኝ፣ የሁለቱ ታሪኮች መጨረሻ አልጣመኝም። እነሱን እስከ ገና አስተካክላለሁ። ከዚያ ሰባቱን ለሁለት ሰው እሰጣለሁ፤ አንደኛው የሚወደኝ፣ ሁለተኛው የማይወደኝ። ምርቃት፣ አዳራሽ፣ ፖስተር የሚባል ነገር ዘንድሮ ዕቅዴ ውስጥ የለም።