እሳተ ገሞራ ይፈነዳል ወይስ ይገነፍላል?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «እሳተ ገሞራው ፈነዳ» ብለው ሲጽፉ አርማቸዋለሁ፤ አሁን ግን እኔው ተጠራጠርሁ። እሳተ ገሞራ ተራራው ነው ወይስ ከውስጡ የሚወጣው? ብዙ ቁጥሩስ ምንድን ነው?

መልስ፦ መምህርት፣ እርማትዎን አይተዉ። «እሳተ» ዘርፍ አያያዥ ነው፤ ሳድሱ «ት» ወደ ግዕዙ ፊደል «ተ» የተለወጠው «የገሞራ እሳት» ለማለት ነው። እንግዲህ ቃሉ የሚጠራው እሳቱን ነው፤ ተራራውን ማን አነሣው? ገሞራ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 19 ከሰዶም ጋር የነደደችው ከተማ ናት። በዕብራይስጥ ስሟ «ዐይን» (ዐ) በሚባለው የጉሮሮ ፊደል ይጀምራል። ግሪኮች ፊደላቸው ዐይን ስለሌለው «ጋማ» በሚሉት የ«ገ» ፊደላቸው ጻፉት፤ የእኛ ሊቃውንትም ብሉይን ከግሪክ ሲመልሱ «ገ» አደረጉት። በቀጥታ ከዕብራይስጥ ወስደነው ቢሆን ኖሮ ዛሬ «እሳተ ዐሞራ» እያልን ነበር። ከዚህስ ጋማ ትሻላለች።

«የገሞራ እሳት ከሰማይ የዘነበ ነው፤ ይህ ከምድር ይወጣል፤ ስለዚህ ስያሜው ስሕተት ነው» የሚሉ አሉ። ከምድር መውጣቱን ማን ካደ? አፋር ላይ የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ የሚባሉት የምድር ቅርፊት ንጣፎች እየተራራቁ ነው። ቅርፊቱ ሲሳሳ ከሥሩ ያለው የጋለ አለት ወደ ላይ ይነሣል፤ ጫናው ሲቀልለትም ይቀልጣል። የላይኛው ደረቅ አለት ደግሞ መለጠጡን ችሎ ችሎ፣ ሲያቅተው በስንጥቁ ላይ በድንገት ይንሸራተታል፤ ምድር የምትንቀጠቀጠው ያን ጊዜ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ በዳባሁ ተራራ አካባቢ ሁለቱም አብረው መጡ፤ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት ተላቀቀ። ይሁን እንጂ ሰው ስም ሲያወጣ የሚያየው የፈራውን ነው። መጽሐፉ «እሳትና ዲን» ይላል፤ የዳሎልን ዲን ያሸተተ ሰው ስለ አቅጣጫው አይከራከርም።

ወደ «ፈነዳ» ልመለስ። ተራራ ይፈነዳል፤ የቀለጠ አለት ይገነፍላል፣ ይፈስሳል፤ እሳት ግን አይፈነዳም። በኅዳር 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ያለው የሀይሊ ጉቢ ተራራ ፈነዳ፤ አመዱም ቀይ ባሕርን ተሻገረ። ኤርታ አሌ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይገነፍላል። የእናንተን ጣና የገደበውም ፈስሶ የረጋ ባዛልት ነው፤ ዓባይ ጢስ ዓባይ ላይ የሚወረወረው ከዚሁ ጥቁር ድንጋይ ጫፍ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ «ጢስ እሳት» የሚለው የፏፏቴው ስም የዚያ ጥንታዊ እሳት ትዝታ ነው ሲባል እሰማለሁ። ፍሰቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ዕድሜ አለው፤ ምን ዓይነት ትዝታ ነው! ስሙም ቢሆን «ጢሰ እሳት» አይልም፤ በግዕዝ ዘርፍ አልታሰረም። አገሬው ከገደሉ ሥር የሚነሣውን የውኃ ብናኝ አይቶ በራሱ አፍ ያወጣው ስም ነው።

ብዙ ቁጥሩን በተመለከተ እኔ «እሳታተ ገሞራ» እላለሁ። «እሳተ ገሞራዎች» የሚያበዛው ከተማዪቱን ነው፤ ገሞራ ደግሞ አንዲት ነበረች። እንደ እኔ የሚል ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። መማሪያ መጻሕፍቱም ጋዜጦቹም «ንቁ እሳተ ገሞራ»፣ «የሞተ እሳተ ገሞራ» እያሉ ቃሉን ለተራራው ሰጥተውታል፤ ይህን ልመልስ ብል የሚሰማኝ የለም። ስለዚህ «እሳተ ገሞራዎች» ብሎ የጻፈ ተማሪ ነጥብ አይቀነስበት። «እሳተ ገሞራው ፈነዳ» ላለው ግን፣ ለእኔ ሲሉ፣ ግማሽ ነጥብ ይቀንሱለት።