የብርድ ልብሱ መሃል ለምን ጉብ አለ?

ጥያቄ፦ ለእናቴ ስጦታ ከቤተሰቡ አሮጌ ልብሶች እየቆራረጥኩ ብርድ ልብስ በእጄ እየሰፋሁ ነው። የአባቴ ሸሚዝ፣ የእኛ ዩኒፎርም፣ የእሷ የድሮ ነጠላ አለበት። ቁራጮቹ 20 በ20 ሳንቲም ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች ቀጥ ብለው ነበር። አሁን መሃሉ ጉብ ብሏል፤ ማዕዘኖቹም አይገጥሙም። አንዳንድ ቦታ ክሩ እየተበጠሰ ይከፈታል። ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ በማሽን ቢደግመው ጭራሽ ባሰበት። ሁሉንም ልፍታው? ለጠርዙስ የነጠላውን ጥለት ብጠቀም ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁሉንም እንዳትፈቺው። በእጄ ባልዳስሰውም ጠርጥሬያለሁ። ጉብ ያለው የሸሚዙ እጅጌና ነጠላው የገቡበት አካባቢ ነው አይደል? እጅጌ ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ 20 ሳንቲም ለማግኘት ጨርቁን ዞር አድርጎ መቁረጥ ያጓጓል። አንቺም ይህንኑ ያደረግሽ ይመስለኛል። እንዲህ ከሆነ ስፌትሽ ደህና ነው፤ የተበላሸው ገና ከመቀሱ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ፤ ይህን ነገር ሳስረዳ አልጠግብም። እንደ ሹራብና ቲሸርት ያለ ካልሆነ በቀር ልብስሽ ሁሉ ድርና ማግ ነው። ድሩ ሸማኔው አስቀድሞ ወጥሮ የዘረጋው ክር ነው። ማጉ በመወርወሪያ እየተመላለሰ በመሃሉ የሚገባው ነው። ጨርቁን በድሩ አቅጣጫ ብትስቢው እምቢ ይላል። በማጉ በኩል ጥቂት ይለቅልሻል። ከጥግ ወደ ጥግ ሰያፍ ብትስቢው ግን በዚያ አቅጣጫ የተዘረጋ ክር የለም፤ ማን ይይዘዋል? ሰያፍ ማገር ያልተመታበት የእንጨት ፍሬም ጥጉን ሲገፉት እንደሚጋደመው፣ በክሮቹ መሃል ያሉት ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች ሁሉ ይጋደማሉ። ጨርቁ ይረዝማል፤ ስትለቂውም እንደነበረ አይመለስም። ነጠላ ደግሞ ሳሳ ተደርጎ ስለሚሸመን ይብስበታል። አሁኑኑ አንድ የሸሚዝ ቁራጭ በሦስቱም አቅጣጫ ሳቢና እይው።

እንግዲህ አንዱን ቀጥ ያለ፣ ሌላውን ሰያፍ አድርገሽ አገጣጠምሻቸው እንበል። በጣትሽ እየሳብሽ ስትሰፊ ሰያፉ ይረዝማል፤ ቀጥ ያለው ባለበት ይቆማል። በአንድ ቁራጭ ግማሽ ሳንቲም ቢጨምር በስምንት ቁራጭ 4 ሳንቲም ሆነ። ያ 4 ሳንቲም መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይነሳል። ጉብታሽ እሱ ነው።

ሰውዬው በማሽን መድገሙ አናዶኛል። የማሽኑ እግር ሰያፍ ጨርቅን እየገፋ ይበልጥ ያረዝመዋል። ጉብታን በክር መጨፍለቅ ጥገና አይባልም። ለእኔ እንዲህ የተደራረበ ስፌት መፍታት ከአዲስ ሥራ ይከብደኛል።

ከመፍታትሽ በፊት እስፒልና መርፌሽን ቁጠሪ። ስንት እንደሆኑ ወረቀት ላይ ጻፊ። ከዚያ የማሽኑን ስፌት ከአንድ በኩል ሦስት አራት እየዘለልሽ በቀጭን መቀስ ቁረጪ፤ ከሌላው በኩል ክሩን ስትስቢው ይመዘዛል። በምላጭ ባይሆን ይሻላል፤ ያረጀ ጨርቅ በአንድ ስህተት ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ ወደ መስኮት ይዘሽው ብርሃን ላይ ዘርጊው። ክሩ ከቁራጩ ጠርዝ ጋር እኩል የማይሄደውን ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርጊበት። የሚፈታው እሱ ብቻ ነው። ምትኩን ከሸሚዙ ጀርባ ቁረጪ፤ ሰፊው ቦታ እዚያ ነው። ጨርቅ ካልተረፈሽ ያንኑ ቁራጭ በስስ አቡጀዲ ደግፊው፤ አቡጀዲው በድሩ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ይሁን። ዙሪያውን በረጃጅሙ ሸልዪው። ነጠላውን ግን አንድ ሳታስቀሪ ሁሉንም ደግፊ። አቡጀዲውን አስቀድመሽ በሙቅ ውሃ እጠቢው፤ አለበለዚያ እናትሽ መጀመሪያ ያጠበችው ዕለት ይኮማተርና ድካምሽ ሁሉ ውሃ በላው።

የምታገጣጥሚው በጨርቁ ጠርዝ ሳይሆን በመስመር ነው። ካርቶን በልኩ ቁረጪ፣ በጨርቁ ውስጠኛ በኩል በእርሳስ ዙሪያውን አስምሪ፣ ከመስመሩ ውጪ 1 ሳንቲም ትርፍ ተዪ። መጀመሪያ ሁለቱን ማዕዘኖች በእስፒል ያዢ፣ ቀጥሎ መሃሉን፣ ከዚያ ስፊ። ስትተኩሺው ካውያውን እያነሳሽ ጫኚው። እንደ ሸሚዝ ወዲያ ወዲህ ከጎተትሽው እንደገና ይለጠጣል።

ስለሚበጠሰው ደግሞ ክርሽን እጠረጥራለሁ። አሁን ገበያውን የሞላው ርካሽ ክር ሲያዩት ያብረቀርቃል፣ ሲስቡት ብጥስ። አንድ ስንዝር ያህል በሁለት እጅሽ ይዘሽ ሳብ አድርጊው። በቀላሉ ከተበጠሰ ጣይው። ደህና የጥጥ ክር ግዢ፣ ከአንድ ክንድ አታስረዝሚው፣ እንዳይተበተብ የጧፍ ሰም ላይ አንዴ አሳልፊው። ስፌቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። በየአራት አምስቱ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ውጊ፤ መነሻና መድረሻው ላይም እንዲሁ።

ጥጥና ገበር ስታስገቢ ከመሃል ወደ ዳር እየሄድሽ ሸልዪ፤ ይኸው ነው። ግን ገበሩን ከመዝጋትሽ በፊት እስፒሎቹን ደግመሽ ቁጠሪ! አንድ ከጎደለ አትዝጊ። ማግኔት ካለሽ በላዩ ላይ አሳልፊው። ጥጥ ውስጥ የቀረ መርፌ ዛሬ ባይታይ ነገ የልጅ ልጅ ሲንከባለልበት ይወጣል።

ጥለቱ ይሆናል፣ እንዲያውም ያምራል። ጠበቅ ብሎ የተሸመነ ስለሆነ ጠርዙን ይይዝልሻል። መጀመሪያ ግን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሺው። ቀለም ከለቀቀ ነጠላውን ያበላሽብሻልና ለትራስ አድርጊው፤ ለብርድ ልብሱ ጠርዝ ከዩኒፎርሙ በድሩ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ 6 ሳንቲም ስፋት ያለው ጥብጣብ ይበቃል።